ኦዲሽን ለጥፈን ልጅ ስናጣ

(ጎንደር ላይ ለክበብ ኃላፊ መምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ሳወራ የዘለልኩትን ጨምሬበታለሁ፣ የተንዛዛውን ትንሽ ቀንሻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል አይደል? ማይኩ ትንሽ ይጮሃል፣ ታገሱት።

የመጣሁበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። የቴአትር ክበብ የያዛችሁ መምህራን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ኦዲሽን፣ የተዋናይ መምረጫ ማለት ነው፣ አለ ብለን ሰልፍ ላይ እናስነግራለን፣ በሚኒ ሚዲያ እናስነግራለን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማህተም ያለበት ወረቀት እንለጥፋለን፣ ቀኑ ሲደርስ ወንበር ደርድረን ቁጭ እንላለን፣ ከዛ ሚመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ከነሱም የተወሰኑት ጓደኛቸውን አጅበው የመጡ ናቸው እንጂ ሊተውኑ አይደለም። ድርሰቱ ውስጥ አስራ ምናምን ገጸ ባህሪ አለ፣ ሰው የለም። ያው እንግዲህ የተለመደውን እናደርጋለን፣ ኮሪደር ላይ ያገኘነውን ልጅ "አንተ ቁመት አለህ፣ አባት ትሆናለህ" ብለን እንመድባለን፣ ልጁም መምህሩን እምቢ ማለት ስለሚከብደው እሺ ይላል፣ ልምምድ ላይ ግን ሁለት ቀን ታይቶ ይጠፋል።

ከዛ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ምክንያቱን ስንፈልግ መልሱ ሁሌ አንድ ነው። "የዘንድሮ ልጅ ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው ሚውለው፣ ጥበብ አይወድም።" እኔ በዚህ አልስማማም፣ ዛሬ የመጣሁትም ይሄን ለመከራከር ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ለመሆኑ ስልኩ ላይ ተጥዶ ምን እየሰራ እንደሆነ አይታችኋል? ቲክቶክ ላይ የእናቱን ነጠላ ተከናንቦ እናቱን ሆኖ ሲቆጣ፣ ነጠላውን ጥሎ ራሱን ሆኖ ሲመልስ፣ ደሞ ኮት ደርቦ አባቱን ሆኖ ከውጭ ሲገባ፣ አንድ ልጅ ብቻውን ሶስት ሰው ይጫወታል፣ ቀረጻውም ኤዲቲንጉም የራሱ ነው፣ አልጣመኝም ካለ ደጋግሞ ይቀርጻል። እኛ ልምምድ ላይ አንዲት ትእይንት ሁለቴ ድገሙ ስንላቸው ሚያጉረመርሙት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ትወናውንማ ይወዱታል፣ እኛ ጋ መምጣቱ ነው ያልጣማቸው።

ደሞ ጎንደር ላይ ቆሞ "ልጆቻችን ሰው ፊት መቆም ይፈራሉ" ማለት እኔን ያስቀኛል። ጥምቀት ላይ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ በዛ ሁሉ ህዝብ መሃል ዱላ ይዘው ሆ እያሉ ሚጨፍሩት፣ ካሜራ የያዘውን ቱሪስት ሳይቀር ከበው ሚፎክሩት የማን ልጆች ናቸው? ሰርግ ቤት አዝማሪው ግጥም ተቀበሉኝ ሲል ከጥግ ተነስታ አንድ ስንኝ ጣል አድርጋ ቤቱን በእልልታ ምታቀልጠው ልጅ የየትኛው ክፍል ተማሪ ናት? በአታ ለማርያም የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ፣ ማስመስከሪያ ናት፣ ከየሀገሩ ተማሪ እየመጣ ሚቆምባት፣ ሰፈራችን ውስጥ ከልጅነቱ ወረብ እያየ ያደገ ስንት አለ። አቋቋሙን ከቴአትር ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፣ የኔታዎች ይቆጡኛል፤ ልል የፈለግኩት የዚህ ከተማ ልጅ ሰው እያየው ድምፁንና ገላውን ማዘዝ ከየትም በፊት ከሰፈሩ ይማረዋል ነው።

ታዲያ እዛ ሚደምቀው ልጅ እኛ ጋ ምን ነክቶት ይጠፋል?

ቡሄን አስቡት። ሆያ ሆዬ ላይ አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ። ማንም ልጅ መጀመሪያ ቀን አውራጅ ሆኖ አይገባም። ዱላውን ይዞ ከኋላ ይሰለፋል፣ "ሆ" ይላል፣ መሬቱን ይደልቃል፣ ድምፁ ከሌላው ድምፅ ጋር ስለሆነ ቢሳሳትም ማንም አይሰማውም። ዓመት ሁለት ዓመት እንዲህ ሲል ግጥሙን ሳያስበው ይይዘዋል። ከዛ አንድ ማታ አውራጁ ድምፁ ይዘጋል ወይ ሰፈር ቀይሮ ይሄዳል፣ "በቃ አንተ አውርድ" ይባላል፣ "ኧረ እኔ አልችልም" ይላል፣ ይለመናል፣ ያወርዳል። እዚች ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ፣ አንደኛ መጀመሪያ ተቀባይ ነበር፣ ሁለተኛ ተለመነ። የኛ ኦዲሽን ሁለቱንም ይነሳዋል። ምንም ሳይቀበል አውርድ ይለዋል፣ ሳይለመን ደሞ ራሱ ስሙን እንዲያስመዘግብ ይፈልጋል።

መለመኑ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ ሀገር ራሱን ያስቀደመ ሰው ምን ይባላል? ልታይ ልታይ አለ ይባላል። ጎበዙ ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ ይቺን ይፈራታል፣ ምክንያቱም እንደሚችል ያውቃል፣ ሌሎቹም እንደሚችል ያውቃሉ፣ ቀድሞ ከተመዘገበ "አይ እሱ እኮ ድሮም ጉራው" ሊባል ነው። ስለዚህ እስኪጠራ ይጠብቃል። "መተወን የምትፈልጉ ተመዝገቡ" የሚለው ወረቀት ደሞ ማንንም በስሙ አይጠራም፣ ሚያነበው ልጅ ሁሉ ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው ብሎ ያልፈዋል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረች፣ ስሟን አልጠራም። የኦዲሽኑ ቀን ከክፍሉ በር አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር ቆማ የተማሪ ስነ ሥርዓት ሚቆጣጠረውን ዩኒት ሊደር ሆና ነበር ምትጫወተው። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ቁልፍ ጣቷ ላይ እያሽከረከረች፣ አንገቷን ትንሽ ወደ ግራ ሰብራ፣ "የ-ኔ ልጅ... ሹራቡ ከመቼ ጀምሮ ነው ቀይ የሆነው?" ብላ ዝም። ከተናገረችው ይልቅ ዝም ያለችው ነው የገደለኝ፣ ሰውየው እኮ ልክ እንደዛ ነው ዝም የሚለው፣ ተማሪው ራሱ መናዘዝ እስኪጀምር። ጓደኞቿ ግድግዳ ተደግፈው ነበር ሚስቁት። ወጥቼ "ነይ ግቢ" አልኳት። "ኧረ ቲቸር እኔ አልችልም፣ እሷን ነው አጅቤ የመጣሁት።" ቀና ብላ ወደ ውስጥ አየች። ያየችውን እኔም ዞር ብዬ አየሁት፣ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ እስክሪብቶ የያዙ መምህራን፣ ከነሱ አንዱ ጠዋት የፈተና ወረቀት የመለሰላት የሂሳብ አስተማሪዋ፣ መስኮቶቹ ላይ ደግሞ ፊት በፊት ተደራርቦ ሊስቅ የተዘጋጀ ተማሪ። ፊት ለፊት ያለው ዴስክ ላይ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ገጽ አለ፣ ገብታ እሱን ልታነብ ነው፣ መጀመሪያው መስመር "ወዮልኝ! ምነው በእንጭጬ በተቀጨሁ!" ይላል። እናንተ ትገቡ ነበር?

ሄደች። እውነቷን ነው።

ቅጽል ስም የሚባለውን ነገር ደሞ እኛ አዋቂዎች ረስተነዋል። እዛ ገብቶ "ወዮልኝ" ሲል ድምፁ የተሰነጠቀበት ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል ስሙ ወዮልኝ ነው። እናቱ ቤት ሳይቀር ሊከተለው ይችላል።

አሁን ትንሽ የማያስደስት ነገር ላውራ። ልጆቹ የማይመጡበት ሌላው ምክንያት ምን እንደምናሰራቸው ስለሚያውቁት ነው። ጭውውታችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባት ሰካራም ነው፣ እየተንገዳገደ ይገባል፣ እናት ጥግ ላይ ታለቅሳለች፣ ልጅ በጓደኛ ግፊት ሱስ ውስጥ ይወድቃል፣ ከኬሚስትሪ ላብራቶሪ ጋውን የተዋሰ ልጅ ዶክተር ሆኖ መጥቶ ውጤት ይናገራል፣ ልጅ ይጸጸታል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ "ስለዚህ ውድ ታዳሚዎች" ብሎ ይመክረናል፣ እናጨበጭባለን። ይሄ ነገር በ1990ዎቹ ፀረ ኤድስ ክበብ በየትምህርት ቤቱ ሲቋቋም ስራ ሰርቷል፣ አልክድም፣ ያኔ ሰው በግልጽ ማውራት የሚፈራውን መድረክ ላይ ማስወራት ትልቅ ነገር ነበር። ግን ቅርጹ እንዳለ ቀረ፣ በሽታው ቦታ ላይ አንዴ ጫት፣ አንዴ ስደት፣ አንዴ ያለ እድሜ ጋብቻ፣ አንዴ የሶሻል ሚዲያ ሱስ እየተካን ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ወላጆቻቸው የተጫወቱትን ጭውውት ነው እየሰጠናቸው ያለነው። ልጁ ቤቱ ምክር፣ ሰልፍ ላይ ምክር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ምክር፣ ከዛ በትርፍ ሰዓቱ ራሱ መካሪ እንዲሆን ነው ምንጠይቀው። እሱ ስልኩ ላይ ሚሰራትን ነገር አስቡ፣ እናቱ ስሙን ሙሉውን ስትጠራው ያለውን ድንጋጤ፣ ባጃጅ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ አንዱ ስልክ ላይ ሚስጥሩን ሲዘከዝክ ሌላው ያልሰማ መስሎ መስኮት መስኮት ሲያይ፣ ዲቪ የደረሰው ዘመድ ድንገት ሚበዛበት ዘመድ። ይሄ ነው ድርሰት። እኛ "ትምህርት ሰጪ አይደለም" ብለን ምንመልሰው።

ጊዜውንም አንርሳ። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት የጠዋቱ ልጅ ከሰዓት እንዲቆይ ስትለው ምሳ የት ይበላል? የከሰዓቱን ደግሞ ከመሸ በኋላ ማን ያስቀረዋል? ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም፣ መንገዱ፣ እገታው፣ በጊዜ ሚዘጋው ነገር ሁሉ። ከአዘዞ የሚመላለስ ልጅ ያላት እናት "ልምምድ አለኝ፣ ዛሬ አመሻለሁ" ሲላት እሺ እንድትል መጠበቅ ልበ ደንዳናነት ነው። ኦዲሽናችንን ግን አሁንም 11 ሰዓት ላይ ነው ምንጠራው፣ ድሮ እንደዛ ስለነበረ።

ማትሪኩም አለ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ውስጥ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው በሀገር ደረጃ 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ትንሽ ከፍ ብሎ 5.4። ይሄን ቁጥር በሬዲዮ የሰማ አባት ልጁ ቴአትር ልለማመድ ሲለው ምን እንዲል ነው ምንፈልገው? ከመቶ አስር የማይሞላ ልጅ በሚያልፍበት ዘመን የሰውየው ፍርሃት ልክ ነው፣ ልንስቅበት አይገባም። ሚቀየር ነገር ካለ የኛ አሰራር ነው ባይ ነኝ፣ የአባትየው ሃሳብ አይደለም። 11ኛና 12ኛን ተዋቸው፣ ከፈለጉ አንድ ቀን መጥተው ይርዱ። 9ኛና 10ኛ ላይ ስሩ፣ እንዲያውም ከዛ በታች ያሉትን አትናቁ፣ በአዲሱ ስርዓተ ትምህርት ክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አንደኛ ደረጃ ላይ ገብቷል፣ እነዚህ ልጆች ትወናን ክፍል ውስጥ እንደ ትምህርት አይተውት ነው ወደናንተ ሚመጡት። ማለቴ... መምህሩ በትክክል ካስተማረው ነው እንግዲህ፣ ስዕል ሳሉ ብሎ ከሄደ ሌላ ነገር ነው። (እዚህ ጋ አዳራሹ ሳቀ፣ የሳቁት መምህራኑ ናቸው።)

"ቴአትር ከትምህርት ያዘናጋል" ለምትሉኝ ደግሞ፣ ሀገራችን ላይ ዘመናዊ ቴአትር ካደገባቸው ቦታዎች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የወጣ የቅኔ ሰው ነው፣ አዲስ አበባ ገብቶ አስተማሪ ሆነ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ድርሰቶቹን ሲያሳይ ተዋናዮቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ተማሪ እያለ ነው ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ቴአትር ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት የታየለት። ገና ልጅ ነው እኮ። ኦዲሽን ለጥፎ ሳይሆን አንድ አስተማሪ "እስቲ ያንን አምጣው" ብሎት ይሆናል እያልኩ አስባለሁ፣ ይቺ ግምት የራሴ ናት።

ሴት ልጆቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በነዮፍታሔ ዘመን የሴቷን ቦታ ቀሚስ ለብሰው ሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበር፣ እነ አስናቀች ወርቁ ያንን ሰብረው ነው ያለፉት፣ ምን ያህል ስም እየተሰጣቸው እንደሆነ አስቡት። አሁን ዘመኑ ተቀይሯል እንላለን። ግን ባለፈው አንዱ ትምህርት ቤት የእናትን ቦታ ምትጫወት ሴት ጠፍታ ወንድ ልጅ ሻሽ አስረው አወጡ፣ ተማሪው በሳቅ ሞተ፣ እናትየው ምታለቅስበት ትእይንት ላይ ነው እንግዲህ። ሴቶቹ የቀሩት ስለማይችሉ አይደለም፣ ያቺን ዩኒት ሊደሩን ሆና የተጫወተችውን ልጅ ነግሬያችኋለሁ። ቤት ሲጠየቁ ሚመልሱት ስለሌላቸው ነው። ማን አለ? ስንት ሰዓት ያልቃል? ማን ያደርስሻል? ከየትኛው ወንድ ጋር ነው ባልና ሚስት ምትሆኚው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የያዘ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከሃላፊዋ መምህርት ስልክ ጋር ወደ ቤት ብንልክ ግማሹ ችግር እዛው ያልቅ ነበር። መምህርት ነው ያልኩት፣ ክበቡ ውስጥ አንዲት ሴት አስተማሪ ሳትኖር ሴት ተማሪ አልመጣችም ማለት አይቻልም።

እሺ፣ ምን ይደረግ ለሚለው።

ጠረጴዛውን አንሱት። እስክሪብቶውንም። ኦዲሽን የሚለውንም ስም ለጊዜው ተዉት። እረፍት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ሁለት ወንበር አስቀምጡና "ይሄ ባጃጅ ነው" በሉ። አንዱ ሹፌር ነው፣ ሌላው ተሳፋሪ፣ ተሳፋሪው ሳንቲም ጎድሎታል፣ ሹፌሩ ደሞ ከጠዋት ጀምሮ ነዳጅ ተሰልፎ ነው የዋለው። በቃ፣ ሌላ ምንም ወረቀት የለም። እኔ ይሄን ሳደርግ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ማንም አይወጣም፣ ከዛ አንዱ ቀልደኛ ይገባል፣ ከዛ ከበው ከቆሙት አንዱ "አንተ ሹፌር እንዲህ አይልም!" ብሎ ይጮሃል፣ "ና አንተ አሳየን" ትሉታላችሁ፣ ይገባል። ከዛ የጎደለውን ሳንቲም ልክፈልለት ብላ ሶስተኛ ተሳፋሪ ሆና ምትገባ አለች፣ ማንም አልጠራትም፣ ፀቡን ማየት አልቻለችም ብቻ። ደወል ሲደወል ወደ ክፍል ሚመለሰው ልጅ ተፈተንኩ አይልም፣ ተጫወትኩ ነው ሚለው፣ እናንተ ግን ማን ድምፅ እንዳለው፣ ማን እንደሚሰማ፣ ማን የሌላውን ቦታ እንደሚሻማ አይታችኋል። መሻማቱን በተለይ እዩት፣ ወረቀት በማስነበብ ፈጽሞ አይታይም።

ከዛ ጥሩ። በግል ጥሩ፣ በስሙ። "አንተን ነው የፈለግነው፣ ሰው ጎድሎናል" በሉት። አንዴ እምቢ ይላል፣ እምቢታውን እንደ ጨዋነት ቁጠሩትና ነገ ድገሙት። ድርሰት ስትመርጡም ተቀባይ ያለበትን ምረጡ፣ ገበያ፣ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ መናኸሪያ፣ ሰው ሚበዛበት፣ ቃለ ተውኔት ሳይኖረው መድረክ ላይ መቆም ሚችል ልጅ ብዙ ሚያስገባ። ዘንድሮ ከኋላ ዘንቢል ይዞ የቆመው ልጅ ነው የከርሞው መሪ ተዋናይ።

አንድ መምህር መሃል ላይ እጅ አውጥተው "እንዲህ ሁሉን ካስገባን ጎበዙን እንዴት ነው ምንለየው?" አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በመጨረሻ መለየት አይቀርም፣ መሪ ገጸ ባህሪው አንድ ነው፣ ያላገኘው ልጅ ይከፋዋል። ግን ልምምድ ላይ ሳምንት ሁለት ሳምንት አብረው ከቆዩ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ለይተው ሚነግሯችሁ፣ ያዘነውም እቤቱ አይቀርም፣ ስራ አለዋ፣ ድምፅ፣ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ኤዲቲንግ የሚችለው ደሞ ማስታወቂያውን ይሰራልናል፣ የኛን ባለ ማህተም ወረቀት ገላገለን ማለት ነው።

አንዲት እናት ደግሞ "ልጄ ከክፍሏ ደረጃ ትይዛለች፣ ብትወርድስ?" ብለው ጠየቁ። እትዬ፣ አትወርድም ብዬ አልዋሽዎትም። ልምምዱን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሳይወጣ፣ ቅዳሜ ከሆነም ጠዋት እናድርገው፣ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይቆማል፣ ውጤቷ ሚድ ላይ ከቀነሰ እርስዎ ይደውሉልን፣ እስክታስተካክል ታርፋለች፣ ቦታዋን ሌላ ሰው አይወስድባትም። ለዚህም ሲባል እያንዳንዱን ገጸ ባህሪ ሁለት ልጅ እንዲያጠናው እናደርጋለን። እሳቸው "እንዲህ ከሆነስ" አሉና አጠገባቸው ያለችውን ልጅ አዩዋት፣ ልጅቷ ጣራ ጣራ አየች።

ርዕሰ መምህሩ አዳራሽ እንደሌለ፣ ያለውም በተሰባበረ ዴስክ እንደተሞላ ነገሩን። ችግር የለም፣ ዴስኩን ምናወጣበትን ቀን እሳቸው ይወስኑልን፣ እስከዛው ከላይብረሪው ጀርባ ያለው ጥላ ይበቃናል። ማክሰኞ እረፍት ሰዓት ሁለት ወንበር ይዤ እመጣለሁ። የሂሳብ አስተማሪዎች ብትመጡ ደስ ይለኛል፣ ግን በተሳፋሪነት።